ድሬዳዋ ላይ ሃይማኖቱም ቋንቋውም የተደባለቀ ሰርግ፦ ወጥ ቤቱ፣ መግቢያውና ፕሮግራሙ እንዴት ይደራጅ?

ዲኮር ሳቢያን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ጥር 22 ቀን 2019 እዚሁ ድሬዳዋ የሚደረግ ሰርግ ይዘናል። እንግዳው 420 ነው። የሙሽሪት ወገን አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ ጥቂት ፕሮቴስታንቶችም አሉበት። በሙሽራው በኩል ወደ 170 የሚሆኑ ሙስሊም ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ይመጣሉ፤ ከመጋላ፣ ከገንደ ቆሬ፣ የተወሰኑት ከሐረር። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ የሚሰሙ ትልልቅ ሰዎች አሉባቸው። በዊልቸር የሚሄዱ ሦስት፣ መስማት የተሳናቸው አምስት፣ አንዲት ዓይነ ስውር አክስትም አሉ። አዳራሹ ምድር ላይ ነው፤ መግቢያው ላይ ግን ሦስት ደረጃ አለው።

ቤተሰቡ ያዘዘን አንድ ነገር ነው፦ ማንም እንግዳ ተነስቶ «የእኔስ የታለ?» ብሎ እንዳይጠይቅ። በሐሳቡ እኛም ሙሉ በሙሉ እናምናለን። የሚጎድለን አሠራሩ ነው፤ ስንት ድስት፣ ስንት ሜትር ጣውላ፣ በስንት ሰዓት ምን። የምታውቁ በቁጥር ንገሩን።

የሰርግ ወጥ ቤት፦

እህቴ፣ ሁለት እርድ፣ ሁለት ረድፍ ሰታቴ፣ ሁለት ወጥ ሠሪ ያዢ። የሙስሊሙን ሙስሊም፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን እንዲያርደው ማድረግ እዚህ አገር ለማንም አዲስ አይደለም። የሚረሳው ከእርዱ በኋላ ያለው መንገድ ነው። የሁለቱ ሥጋ በአንድ ፒክአፕ፣ ሳፋ በሳፋ ላይ ተደራርቦ ከመጣ የላይኛው ደም ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል፤ ያኔ ለይቶ ማረዱ ከንቱ ነው። ክዳን ያለው ሳፋ ተጠቀሙ፣ ጎን ለጎን ይጫን፣ ከተቻለ በተለያየ ሰዓት ይምጣ።

ሦስት ቀለም ቴፕ ግዙ። አረንጓዴ ለሙስሊሙ፣ ሰማያዊ ለክርስቲያኑ፣ ቢጫ ለጾሙ። ቢላው እጀታ ላይ፣ መክተፊያው ጠርዝ ላይ፣ ክዳኑ ላይ፣ ጭልፋው ላይ ይጠቅለል። ዋናው የስህተት ምንጭ ጭልፋ ነው። ግርግሩ ሲበዛ አንዱ ጭልፋ መሬት ይወድቃል፤ አስተናጋጁ ከጎረቤት ድስት ይበደራል፤ በቃ፣ ሁለቱ ወጥ ተገናኘ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድስት ሁለት ሁለት ጭልፋ ይመደብ። የሙስሊሙ ወጥ ቤት ውስጥ ወይን፣ አረቄም ሆነ ጠጅ አይግባ፤ ጥብሱ ላይ ወይን ጠብ ማድረግ የለመደ ወጥ ሠሪ አለ፤ ቀድማችሁ ንገሩት። ዶሮም እንደ በሬው እርዱ ይለያል። «ዶሮ ነው እኮ» ብሎ አንድ ላይ መሥራት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስህተት ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ቡፌው ላይ ሌላ ምግብም ስላለ ለአንድ ሰው 250 ግራም ጥሬ ሥጋ ያለ አጥንት ይበቃል። ለ170 ሰው 42 ኪሎ ተኩል ነው፤ አሥር በመቶ ጨምረሽ 47 ኪሎ። ለ250 ክርስቲያን 62 ኪሎ ተኩል፤ ከጭማሪው ጋር 69። የፍየል ሥጋ ከነአጥንቱ ከሆነ በአንድ ተኩል አባዢው። እንጀራ ለሰው ሁለት፣ ማለትም 840፤ 850 እዘዢ። ሩዝ ለሚወደው ወገን ጥሬውን ለሰው 90 ግራም ያዢ፣ ሙዙ ከጎኑ አይቅር።

አሁን ብዙ ኬተሪንግ ወደሚሳሳትበት ነጥብ ልምጣ። ቅዳሜ ጾም አይደለም ብላችሁ የጾሙን ለ30 ሰው አትሥሩ። የተደባለቀ ሰርግ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው የጾም ምግብ ነው። ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ የተጠራጠረ ሰው፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ሳይናገር ወደ ምስሩና ወደ ጎመኑ ይሄዳል። ስኳር ያለበት፣ ሐኪም ሥጋ የከለከለውም እዚያው ነው። ቢያንስ ለ150 ሰው ይሠራ። ጾሙ ደግሞ የእውነት ጾም ይሁን፦ ሩዙ በሥጋ መረቅ ከተቀቀለ፣ ወይም የምስር ሳምቡሳው የሥጋው በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰ ጾም አይባልም። ሳምቡሳውን ከምስሩ ጀምራችሁ ጥበሱ፤ የሥጋውን ደግሞ በየእርዱ በተለየ ሁለት መጥበሻ፣ በአዲስ ዘይት።

ቡፌው ላይ «የሙስሊም»፣ «የክርስቲያን»፣ «የጾም» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይቀመጥ፤ ከአጠገቡ ደግሞ ድስቱን የሚያውቅ ሰው ይቁም። ማንበብ የማይችል፣ መነጽሩን ቤት የረሳ ትልቅ ሰው አለ። ቁርጥ የምታቀርቡ ከሆነ የተሰቀለው ሥጋ ከሙስሊሙ ቡፌ ተቃራኒ ጥግ ይሁን። ቢራና ጠጅ ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ አይደርደር፤ ባሩ አንድ ጥግ ይሁንና አስተናጋጅ ለጠየቀ ያምጣ። ለማይጠጣው ለስላሳና ውኃ በታሸገ ጠርሙስ ከነስትሮው፤ ቢራ የተቀዳበት ብርጭቆ ታጥቦ ቢመጣም የማይወዱ አሉ፣ መብታቸው ነው።

ከለገሃር፦

ጥሩ ነው ግን ወጪውን አስቡት። ሁሉንም ሥጋ በሙስሊም አሳርዶ አንድ ወጥ መሥራት አይቀልም? ክርስቲያኑ ብዙ አይጠይቅም።

የሰርግ ወጥ ቤት፦

አይሆንም ወንድሜ። አይጠይቅም ያልከው ሰው ዝም ብሎ ሳይበላ የሚሄደው ነው። በተለይ ትልልቆቹና ቆራቢዎቹ የሙስሊም እርድ አይበሉም፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን እንደማይበላው ሁሉ። አንዱን ወገን አስተናግዶ ሌላውን በይሉኝታ ማስራብ ማስተናገድ አይደለም። ወጪው ላይም ብዙ ልዩነት የለም፤ የሥጋው ኪሎ ድምር ያው ነው። የሚጨመረው የአንድ ወጥ ሠሪ ክፍያ፣ ማንደጃና የእቃ ኪራይ ብቻ ነው። መቆጠብ ከፈለጉ የሥጋውን ዓይነት ከአራት ወደ ሁለት ያውርዱና የጾሙን ለሁሉም የጋራ ያድርጉት። እውነተኛ ቁጠባ እዚያ አለ።

አናጺ ከዚራ፦

ስለ ደረጃው ልናገር። መጀመሪያ የሦስቱን ደረጃ ድምር ከፍታ በሜትር ለኩ። እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ከሆነ 45 ሳንቲ ነው። ለዊልቸር የሚመከረው ተዳፋት አንድ ለ12 ነው፤ ማለትም ለአንድ ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት። ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ጣውላ ያስፈልጋችኋል። «ሁለት ሜትር ይበቃል፣ ልጆቹ ይገፉታል» የሚል አናጺ ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ሁለት ሜትር ላይ ተዳፋቱ ከአንድ ለአምስት በላይ ይሆናል፣ ሲወጡ ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ሲወርዱ ሰውዬው ወደ ፊት ይወድቃል።

ስፋቱ ከ90 ሳንቲ አይነስ፤ ቦታ ካለ አንድ ሜትር ከ20። 18 ሚሊ ፕላይውድ፣ ከሥሩ ሞራሌ በየ40 ሳንቲው። ግራና ቀኙ 5 ሳንቲ ጠርዝ ይኑረው፣ ጎማው እንዳያመልጥ። ላይ ሲደርስ በሩ ፊት ለፊት አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ሜዳ ይተው፤ ሰውዬው ቆሞ የሚዞርበት ካጣ በሩን መክፈት አይችልም። ቀለም ቀብታችሁ እርጥብ ሳለ በወንፊት ያለፈ አሸዋ ነስንሱበት፤ እንዳያንሸራትት። ሲያልቅ ሦስት ጎረምሶች አንድ ላይ ይሂዱበት፤ ከረገበ ሞራሌ ጨምሩ።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ዲኮሩ እንዳያበላሸው። ቀይ ምንጣፍ ሳይቸነከር ከተነጠፈበት ከጎማው ሥር ይጨማደዳል። አበባ ማስቀመጫው ግራና ቀኝ ከቆመ 90 ሳንቲው 60 ይሆናል። ዊልቸር ራሱ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ነው። ስለዚህ አበባው ከጠርዙ ውጭ ይቁም። መወጣጫውን ደግሞ ዋናው መግቢያ ላይ አድርጉት፣ ሙሽሪትም በእሱ ትግባ። በዊልቸር የመጣን እንግዳ በወጥ ቤት በር፣ በሽንኩርት ጆንያ መሃል ማስገባት ከመጋበዝ አይቆጠርም። ሕጉም ከጎናችሁ ነው፤ የሕንፃ ሕጉ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ያዛል። አዳራሽ የምታከራዩ ካላችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አንድ ጊዜ በሲሚንቶ ብትሠሩት በየሰርጉ ጣውላ ኪራይ ይቀራል።

መጸዳጃው በር ተከፍቶ ሳለ ክፍቱን ለኩ፤ 80 ሳንቲ ጥርት ያለ ክፍት ያስፈልጋል። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ሰውዬው ከገባ በኋላ መዝጋት አይችልም። ለአንድ ቀን ቀላሉ ዘዴ መዝጊያውን ከማጠፊያው ነቅሎ ወፍራም መጋረጃ መስቀል ነው፤ አራት አምስት ሳንቲ ስፋት ታተርፋላችሁ።

ጠረጴዛ ላይ፦ ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ አትሰብስቧቸው፣ እርስ በርስ ላይተዋወቁ ይችላሉ። እያንዳንዱ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ፤ በመተላለፊያው በኩል አንድ ወንበር ብቻ ይነሳ። ከጠረጴዛው ሥር ለጉልበት 70 ሳንቲ ከፍታ ይኑር። መሶብ የምታቀርቡ ከሆነ ለዊልቸር በጣም ዝቅ ይላል፣ ሰውዬው ታጥፎ መብላት ይከብደዋል፤ ያው ምግብ በትሪ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብለት። እጅ መታጠቢያውም ከፍ ያለ ከሆነ አስተናጋጅ ማስታጠቢያ ይዞ ይዙር፤ ደግሞ ለእነሱ ብቻ ሳይሆን ለጠረጴዛው ሁሉ ያስታጥብ፣ ለይቶ የሚያሳይ እንዳይሆን።

ለአክስትዬው አንድ ሰው በስም ይመደብ። እጃቸውን ይዞ አይጎትታቸው፤ ክንዱን ይስጣቸውና እሳቸው ይያዙት። የቡፌ ሰልፍ ላይ አይቁሙ። ምርጫቸውን ጠይቆ ያምጣላቸውና «ምስሩ በቀኝዎ ነው፣ ጥብሱ ከፊትዎ፣ ለስላሳው ከግራ እጅዎ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ» ብሎ ይንገራቸው።

መልሱ ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚደረግ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ነው። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ መኪና በር ድረስ አይደርስም፣ የሐረሪ ቤት ውስጡ በነደባ፣ ማለትም በመቀመጫ መደብ፣ ከፍና ዝቅ የተደረገ ነው። ጀጎል ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ስላለ ደፉ ላይ ሲሚንቶ መለሰን የለባችሁም፤ የሚነሳ ጣውላ ይዛችሁ ሂዱ። ግቢው ላይ ድንኳን ተጥሎ ሁሉም ሰው እዚያ ቢቀመጥ ይሻላል።

ማይክና ድምፅ፦

በሰዓቱ ልጀምር፣ ብዙ ኤምሲ የሚወድቀው እዚህ ነው። በጥር መጨረሻ ድሬ ላይ የዐስር ሶላት ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ይገባል፤ መግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው፣ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ። መግሪብ ጠባብ ነው፣ አይዘገይም። ኬክ መቁረጡን 12 ሰዓት ላይ ካደረጋችሁት ልክ ሻማው ሲበራ መቶ ሰው ይወጣል፤ ቤተሰቡ ይከፋዋል፣ የወጣውም ይሳቀቃል። ኬኩ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን፣ ወይም አንድ ሰዓት ላይ። ለሶላት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይዘጋጅ፤ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ በአንድ ሜትር ከ20 ብላችሁ አስሉ፣ ለሴቶች መጋረጃ ይለይ፣ ምንጣፍና ውኃ በማስታጠቢያ ይኑር። ቂብላው፣ ሲሰገድ የሚዞሩበት አቅጣጫ፣ ከድሬ ወደ ሰሜን ነው፣ በትንሹ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ፤ ግድግዳው ላይ ቀስት ለጥፉ። አዛን ሲሰማ ሙዚቃው ይቁም።

ቀኑን እንዳትገፉት ደግሞ አደራ። ረመዳን በ2019 የካቲት መጀመሪያ ላይ ይገባል ተብሎ ይጠበቃል፤ እሱ ሳያልቅ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሰርጉ ለሁለት ሳምንት ከተዛወረ 170ውን እንግዳ ቀን ላይ ማብላት አትችሉም።

ቋንቋ ላይ፦ ሁሉንም ነገር በሦስት ቋንቋ መድገም ፕሮግራሙን ይገድለዋል። አምስት ማስታወቂያ ብቻ ይደገም፤ የሙሽሮች መግባት፣ ምግብ፣ ኬክ፣ የቤተሰብ ምስጋና፣ ስንብት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ እያንዳንዱ ከ20 ሰኮንድ አይበልጥ። በጎግል ተርጉማችሁ አታንብቡ፤ ተናጋሪ ሰው ይያዝ። የትልልቅ ሰዎችን ስምና ማዕረግ፣ ሐጂ፣ ሼህ፣ ቄስ፣ መምህር፣ ከሳምንት በፊት ከሁለቱም ቤተሰብ በጽሑፍ ተቀበሉና አጠራሩን ጮክ ብላችሁ አስለምዱት። ምርቃቱ ከሁለቱም ወገን ይሁን፤ ማን ይቅደም የሚለውን ኤምሲው ሳይሆን ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ይስማሙ።

ሙዚቃው በ20 ደቂቃ ክፍል ይከፈል። አማርኛው ሦስት ሰዓት ተዘፍኖ ሶማልኛው ሰው ሁሉ ሲሄድ ከተከፈተ «አስገብተናል» አይባልም። ሰዎቹ ሳይሄዱ፣ ምግቡ እንዳለቀ ይከፈት። ዝርዝሩን ከየወገኑ አንድ አንድ ትልቅ ሰው ይስማው። ፉከራና ሽለላ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለአንዱ ወገን ጀግንነት የሆነው ግጥም ሌላውን የሚነካ ስንኝ ሊኖረው ይችላል።

መስማት ለተሳናቸው አምስቱ፣ መጀመሪያ ራሳቸውን ጠይቁ። ሁሉም የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ አይችሉም፤ አንዳንዱ የቤት ምልክት ብቻ ያውቃል፣ አንዳንዱ ጽሑፍ ይመርጣል። አስተርጓሚ ሁለት ይሁኑ፣ በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ፤ አንዱ ብቻውን ስድስት ሰዓት ከቆመ እጁም አእምሮውም ይዝላል፣ ትርጉሙ ይቆራረጣል። ንግግሮቹን ከሁለት ቀን በፊት ስጧቸው። አስተርጓሚው ከተናጋሪው ጎን፣ ብርሃን ላይ፣ ከኋላው አንድ ቀለም መጋረጃ ያለበት ቦታ ይቁም። ዳንሱ ሲጀመር አዳራሹን ስታጨልሙ የእነሱ ጠረጴዛ ላይ መብራት ይቅር፤ በጨለማ ማውራት አይችሉም። ጠረጴዛው ክብ ይሁን፣ መሃሉ ላይ ረጅም አበባ አይቁም። ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት በሰኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይሄድ አድርጉ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሊያስነሳ ይችላል። ባይበራ ደግሞ ማንም አይጎዳም።

ፎቶ ሐረር፦

ስለ ፎቶ ያልተነሳ ነገር አለ። የሴቶች ክፍል ከተለየ ካሜራ የምትይዘው፣ የምታስተናግደው፣ ሙዚቃ የምትከፍተው ሁሉ ሴት ትሁን። አንድ ወንድ ኬብል ሊያስተካክል ከገባ ሴቶቹ ሁሉ ተከናንበው ይቀመጣሉ፣ ጭፈራው ያልቃል። ኬብሉ ቀድሞ ይዘርጋ። ውሉ ላይም «የሴቶች ክፍል ፎቶ በማንኛውም ማኅበራዊ ገጽ አይለጠፍም፣ ፋይሉ ለሙሽሪት ብቻ ይሰጣል» የሚል አንቀጽ ይግባ። በቃል መስማማት አይበቃም፤ የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ለማስታወቂያ ሲለጥፈው ማንም አይከለክለውም።

ሌላው የቆዳ ቀለም ነው። ካሜራው ነጭ ሀበሻ ቀሚስ ሲያይ ብርሃን በዝቷል ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ጠየም ያለ ሰው ፊቱ ይጠፋል። መለኪያውን ፊት ላይ አድርጉ፣ ወይም ብርሃኑን ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ (የካሜራ የብርሃን መለኪያ) ከፍ አድርጉ፣ በጥሬ ፋይል (RAW) አንሱ። ቀላና ጠይም ሰዎች አብረው ሲቆሙ ጠይሙን ወደ ፍላሹ አቅርቡ። መድረኩ ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ መብራት ብቻ ከሆነ በኋላ ማስተካከል አይቻልም፤ ከፊት ነጭ መብራት ጠይቁ። ሜካፕ ሠሪዋም ፋውንዴሽኑን መንጋጋ ላይ በቀን ብርሃን ትሞክረው፣ እጅ ላይ አይደለም። ቲታኒየም ወይም ዚንክ ያለበት ፓውደር በፍላሽ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከመውጣታችሁ በፊት በፍላሽ አንድ ፎቶ ይነሳ። ሙሽሪትን ማቅላት የሜካፕ ሥራ አይደለም። ሂና ያለበት እጅ ከፊቷ አጠገብ ሲታይ ልዩነቱ ይጮኻል፣ እሷም ራሷን አትመስልም።

ዲኮር ሳቢያን፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም። ደረጃውን ለካን፤ ሁለቱ 15፣ አንዱ 18 ነው፣ ድምሩ 48። የመጸዳጃው ክፍት 76 ነው፣ በሩ ይነቀላል። አንድ ጥያቄ ቀረን፦ 24 አስተናጋጅ ልንቀጥር ነው፤ አምስቱ ሂጃብ ይለብሳሉ። ዩኒፎርሙ አጭር እጅጌና ጉርድ ነበር።

የሰርግ ወጥ ቤት፦

ዩኒፎርሙን ለሁሉም ቀይሩት፤ ረጅም እጅጌ ሸሚዝና ሱሪ ወይም ረጅም ቀሚስ። ለአምስቱ በሸሚዙ ቀለም ሁለት ሁለት ሜትር ስስ ጨርቅ ለሻርፕ ግዙ፤ በድሬ ሙቀት ወፍራሙ አይቻልም፣ ጥጥ ይሁን። ጫፉ ወደ ሸሚዙ ውስጥ ይግባ፣ ትሪ ላይ እንዳይወድቅ። «ሂጃብሽን አውልቀሽ ሥሪ» ማለት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተከለከለውን በሃይማኖት መለየት ነው። ቢራ ማቅረብ የማይፈልጉትን ባሩ ላይ አትመድቡ፤ ቅጥሩ ላይ ጠይቁና የአረንጓዴውን ቡፌ ስጧቸው፣ ክፍያው ከሌላው እኩል ይሁን። አረንጓዴው ላይ የቆሙት በሰማያዊው በኩል ሰው ቢጎድልም አይዛወሩ፤ ተጠባባቂ ሁለት ሰው ለብቻ ያዢ።

አናጺ ከዚራ፦

48 ከሆነ 5 ሜትር ከ76 ነው። ፕላይውዱ 2 ሜትር ከ44 ስለሆነ ሦስት ያስፈልጋችኋል፤ መጋጠሚያው ሞራሌ ላይ ይረፍ፣ አየር ላይ አይቅር። ሐሙስ ማታ ቢተከል አርብ ቀለሙ ይደርቃል።